እኛ የምንታወቀው በየትኛው ፎቶ ነው?

ለዚህ ዕትም ስለ ኢቃማ ወይም ስለ ደሞዝ እንድጽፍ ነበር የተጠየቅኩት። እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ ስለ ሥዕል ልጽፍ ነው፣ ሳትስቁ አንብቡልኝ።

ሐምራ አካባቢ ባለ አንድ ቲያትር ቤት፣ መግቢያው ላይ፣ ትኬት የሚቆረጥበት ሰፊው ቦታ፣ ሎቢ የሚሉት፣ ብዙ ሠዓሊዎች አንድ ላይ ሆነው የሙዚቀኞችን ሥዕል ሰቅለዋል። ቲያትሩን ለማየት ይከፈላል፣ ሥዕሉን ለማየት ግን አይከፈልም። በሩ ላይ በዓረብኛ ተጽፏል። ዓረብኛ ማንበብ የለመድኩት የማዳምን ልጆች የቤት ሥራ እያሠራሁ ነው፤ እነሱ ሳያውቁት አስተምረውኛል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከጓደኛዬ ጋር ገባን። ዘበኛው "ለጽዳት ከሆነ በሩ በኋላ ነው" አለን። "ለሥዕሉ ነው" አልኩት። ትንሽ አየንና "ተፈደሉ" አለ። ይኸው ነው፣ ሌላ አልተናገረም። ይህን የምነግራችሁ ደጃፉን ፈርታችሁ እንዳትመለሱ ነው። ብዙዎቻችን የማንገባው የከለከለን ስላለ ሳይሆን ይከለክሉናል ብለን ስለምናስብ ነው።

ወደ ሃያ የሚጠጉ ሥዕሎች ናቸው። ኡም ኩልቱም ብቻዋን አራት ጊዜ አለች። ጥቁር መነጽሯና በእጇ የምትይዘው መሐረብ ስለሚታወቅ፣ ፊቷ ባይመስልም እሷ መሆኗ አይጠፋም። ሠዓሊዎቹም ይህን ያውቃሉ መሰለኝ፣ መነጽርና መሐረቡን ከሣሉ በኋላ ፊቷ ላይ ብዙም አልደከሙም። ፋይሩዝ አለች፣ ሳባሕ አለች፣ ወዲዕ አል ሳፊ፣ አብዱል ሐሊም ሐፊዝ፣ ሁሉም አሉ። ሁለት ሦስቱ ሥዕሎች ከአንድ ፎቶ ላይ የተገለበጡ ናቸው፤ ጥላው እንኳ በአንድ በኩል ነው የወደቀው። "አንቺ ደግሞ ስለ ሥዕል ምን ታውቂያለሽ?" የምትሉኝ ካላችሁ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በየሳሎኑ የተሰቀለ ሥዕል ስወለውል ኖሬአለሁ። ባለቤቶቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ከሩቅ ነው የሚያዩት፣ እኔ ጨርቅ ይዤ ከአፍንጫዬ ሥር ነው የማየው። ስለዚህ ትንሽ ልፈርድ እችላለሁ።

አንዷ ሠዓሊ ፋይሩዝን በጎን ነው የሣለቻት፤ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሙሉ ፊትና ሁለት ዓይን ያለው ጻድቁ ነው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሐዲው ነው። እኔም ሳያት "ምን በድላቸው ነው እንዲህ ያደረጓት?" አልኩ። ጓደኛዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የእነሱ ወግ ሌላ ነው ማለት ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ደረጃው አጠገብ፣ ከመብራቱ ራቅ ብሎ የተሰቀለ የእርሳስ ሥዕል ነው። ታዋቂ ሰው አይደለም። ከዘፋኞቹ ኋላ ተቀምጠው ከሚጫወቱት አንዱ፣ ዑድ የሚመታ ሽማግሌ ነው። ሠዓሊው ፊቱን ቶሎ ጨርሶ እጁ ላይ ነው የቆየው። የጣቶቹ መገጣጠሚያ አብጧል፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ተሰንጥቋል። እጁ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዳረጀ ያስታውቃል። እጃችሁ በበረኪና የተላጠ እህቶች ብታዩት ወዲያው ይገባችሁ ነበር። ከሥሩ ስሙና "ዑድ ተጫዋች" የሚል ጽሑፍ አለ። ስምና ሙያ፣ በቃ። እድሜው ስንት ነው፣ ኪሎው ስንት ነው፣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው የሚል የለም።

ነገሬም እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፎቶ መክተብ ውስጥ እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ፀጉር ወደ ኋላ የታሰረ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅ ወደ ታች። ሙሉ ቁመት ነው የሚፈለገው፣ ምክንያቱም ቁመትሽ ለመጋረጃ እንደሚደርስ መታየት አለበት። ከሥሩ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ኪሎ፣ ሃይማኖት፣ ልጅ አላት ወይስ የላትም፣ ልምድ አላት ወይስ የላትም። አሠሪዎቹ ቡና እየጠጡ ያገላብጡታል። ያ ፎቶ የእኔም ነው፣ የአንቺም ነው። ከመጣን ጀምሮ ሰው ፊታችንን በደንብ ያየው ያኔ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ስማችን። ፋይሩዝ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ኑሃድ ሐዳድ ነው። ፋይሩዝ የተባለችው ሬዲዮ ጣቢያ ስትገባ ሐሊም አል ሩሚ በሚባል የሙዚቃ ሰው ነው። ሳባሕም ጃኔት ፌጋሊ ነበረች። ስም መቀየር እንግዲህ ብርቅ አይደለም፣ በየሙያው አለ። እኛንም "ስምሽ ይከብደኛል" ብለው ሜሪ፣ ሊሊ፣ ሶፊ ብለውናል። ልዩነቱ እነሱ በአዲሱ ስማቸው አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበላቸው፣ እኛን በአዲሱ ስማችን ከወጥ ቤት ይጠሩናል። ከእኔ በፊት የነበረችውም ሶፊ ነበረች። እኔ ስሄድ የምትመጣውም ሶፊ ትባላለች።

እነዚያ በወርቃማ ፍሬም ያሉት ሰዎች ደግሞ ከደመና አልወረዱም። ኡም ኩልቱም የግብፅ ገጠር ልጅ ናት። አባቷ የመንደር ኢማም ነበር፣ በየሠርጉና በየበዓሉ እየዞረ ሃይማኖታዊ ዜማ ያዜማል። ሴት ልጅ በሰው ፊት ማዜሟ ነውር ስለነበር ወንድ ልጅ አስመስሎ አልብሷት ነው ይዟት የሚዞረው። በ1975 ስትሞት የካይሮ መንገድ በለቀስተኛ ተጥለቀለቀ። አብዱል ሐሊም ወላጅ አልባ ነበር። በልጅነቱ ከመንደሩ ውሃ የያዘው ቢልሃርዚያ ዕድሜ ልኩን አሰቃይቶት በ1977 ለንደን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። የወንዝ ውሃ ጠጥተን ያደግን ሰዎች ይህን በሽታ እናውቀዋለን። ፋይሩዝም እዚሁ ቤይሩት፣ ዙቃቅ አል ብላጥ ሰፈር፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ልጅ ሆና ነው ያደገችው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ዛሬ ሀብታሙ ቀና ብሎ የሚያያቸው።

ሌላው የምንታወቅበት ፎቶ የ2020ው ነው። ያኔ ኮሮና መጣ፣ ሊራው ወደቀ፣ በዶላር መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ሐዝሚዬ ቆንስላችን ደጃፍ እየጣሉ ሄዱ። ጋዜጠኛ ሁሉ ካሜራውን ይዞ መጣ። እህቶቻችን ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ አስፋልት ላይ ተኝተው ተነሱ። ያ ፎቶ ጠቅሟል፣ አልክድም። ዓለም አየ፣ እርዳታም መጣ። ግን ከዚያ ወዲህ ስለ እኛ በተጻፈ ቁጥር ያው ፎቶ ነው የሚወጣው። ከእነዚያ ልጆች መካከል የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ የነበረች አለች፣ ሠርግ ላይ ከበሮ ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ሰው የምታስጨፍር አለች። ፎቶው ላይ ይህ አይታይም።

ይህን በስብሰባችን ላይ ሳነሳ አንዲት ታላቅ እህታችን ተቆጡኝ። "አንቺ ልጅ፣ ደሞዟን ስድስት ወር ያልተቀበለች ልጅ አጠገብሽ ተቀምጣ ስለ ሥዕል ታወሪያለሽ?" አሉኝ። አክብሬ ሰማኋቸው። ስለ ገንዘቡ እውነታቸውን ነው። ከሣጥናችን አንድ ዶላር ለፍሬም እንዲወጣ አልፈልግም። ያ ገንዘብ የታመመች የምትታከምበት፣ ቲኬት ያጣች የምትሳፈርበት ነው። ስለ ቀረው ግን አልስማማም። አምና ከመካከላችን አንዷ ስታርፍ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ፈለግን። ቤተሰቧ አገር ቤት ድንኳን ጥለው ፎቶ ላኩልን አሉ። ስልኳ ተቆልፎ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው የመክተቡ ፎቶ ነው፣ ከወገቧ በታች ቆርጠን ላክነው። እናቷ ያንን ደረቷ ላይ ይዛ ነው ያለቀሰችው። እንግዲህ ፍረዱ፣ ይህ የቅንጦት ጉዳይ ነው?

ከደሞዙም ጋር ቢሆን ግንኙነት አለው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ1946 ሲወጣ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አደረገ። ያ ሽማግሌ ከሥሩ "ዑድ ተጫዋች" ተብሎ ሙያው ተጽፎለታል። እኛ በሕጉ "ሠራተኛ" የሚለውን ስም እንኳ አላገኘንም። ባለሙያ ነሽ ብሎ የማያይሽ ሰው ደሞዝሽን ቢያዘገይ ምን ይገርማል?

ቡርጅ ሐሙድ የምትኖሩ አርመኖቹን ጎረቤቶቻችሁን ታውቋቸዋላችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፣ ከእልቂት ተርፈው በአርመን ገዳም የሚኖሩ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የተፈሪ ማርሽን ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ብሔራዊ ቲያትር ውስጥ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ እኛ አገር እንጀራውን ፍለጋ የሄደም ነበር ማለት ነው። አርባዎቹ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው፣ መሣሪያቸውን ይዘው የተነሱት ፎቶ ዛሬም አለ። ያንን ያየ ሰው መጀመሪያ "ሙዚቀኞች" ነው የሚለው። ችግራቸውን የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምፈልገው ቅደም ተከተሉ እንዲህ እንዲሆን ነው።

ብሔራዊ ቲያትርን ካነሳሁ አይቀር፣ ፓስፖርት ለማውጣት ስመላለስ በዚያ በድንጋዩ አንበሳ በኩል ስንት ጊዜ አልፌአለሁ፣ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። በ1948 ዓ.ም. ለጃንሆይ 25ኛ ዓመት በዓል የተከፈተ ቤት ነው። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ በሚያሳፍርበት ዘመን አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ወጥታለች፣ ሰድበዋታል፣ አልተወችም። እሷን የሚሥል ሠዓሊ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ግን የእኛ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ እሷን አልሰቅልም፣ ጥላሁንንም አስቴርንም አልሰቅልም። እነሱ ሠዓሊ አላጡም።

የምጠይቀው ይህን ነው። እሑድ በምንሰበሰብበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከእኛ መካከል የሚዘፍኑትን፣ የሚዘምሩትን፣ ክራር የሚመቱትን፣ ከበሮ የሚይዙትን እንሥላቸው። መሣል የሚችሉ ልጆች አሉን፤ ደብተራቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ። መሣል ያልቻለ በስልክ ፎቶ ያንሣ፤ ቆንጆ ፎቶ ማንሣት ከቲክቶክ ተምረነዋል። ልብሱን ባለቤቷ ትመርጣለች። ዩኒፎርም አይሁን ብዬ ነበር፣ አንዷ ግን "ዩኒፎርሜን ለብሼ ክራሬን ይዤ ልነሣ" አለችኝ። እሷ ከፈለገች ይሁን። ከሥሩ ወላጆቿ ያወጡላት ስምና የምትጫወተው ነገር ይጻፍ። ኮንትራት ቤት ያለች ወይም ከቤት የወጣችና ወረቀት የሌላት ፊቷ አይታይ፣ ስሟም አይጻፍ፤ ከኋላ ወይም እጇ ብቻ ይሣል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ በስልክ ተነሥቶ አይለጠፍ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ዋናዋ ናት፣ አደራ። ፎቶ ከእጅ ከወጣ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ ከፊልም ጋ ይደርሳል።

ጎን ለጎን አንድ ቀን እሑድ ስምንት አሥር ሆነን ወደ ሐምራ እንውረድ። ሰርቪስ ተጋርተን እንሄዳለን፣ ዓረብኛውን እኔ አነብላችኋለሁ። ያቺን በጎን የተሣለችውን ፋይሩዝ ታዩልኛላችሁ።

ወረቀቱና እርሳሱ ከእኔ ነው። ክራር የምትመታዋ ልጅ እሺ ብላለች። እጇን ብቻ ነው ያለችው፣ እሱም ቀለበቷን አውልቃ። ቀለበቱን ማዳሟ ታውቀዋለች።