ከማይክሮፎኑ በፊት ክፍሉ

ድምፅ መቅጃ ስቱዲዮ ለመክፈት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን ውድ ማይክሮፎን ላይ ያውላል። ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ማይክሮፎኑ፣ ድምፅ ማስተካከያው በመጨረሻ። ይህ የትም ቢሠራም ከካርቱም በስተደቡብ ባለችው ካላክላ ይበልጥ ይጎላል። ጦርነቱ ሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ከፈነዳ ወዲህ የካርቱም መብራት አስተማማኝ አይደለም፤ ጄኔሬተር ያጓራል፣ በዚያ ሙቀት ማራገቢያ ማጥፋትም ይከብዳል። ከባዶ ለሚጀምር ሙዚቀኛ፣ ሱዳናዊም ይሁን ኢትዮጵያዊ፣ በከንቱ የሚባክን ገንዘብ የለም።

ኮንደንሰር ማይክሮፎን ብዙውን ጊዜ 48 ቮልት የሚፈልግ፣ ረቂቅ ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ነው። የዘፋኙን ትንፋሽ ሲይዝ የማራገቢያውን ሽውታ፣ ከግድግዳ የሚመለሰውን ማሚቶም አብሮ ይይዛል። ዳይናሚክ ማይክሮፎን ግን ዘፋኙ አንድ ጋት ያህል ቀርቦ ሲያዜምበት የክፍሉን ጫጫታ ያደበዝዘዋል። "ያ የመድረክ ዕቃ ነው" የሚል ቢኖር፣ የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዌዲን በ1982 እ.ኤ.አ. ለወጣው "ትሪለር" አልበም የማይክል ጃክሰንን ድምፅ የቀዳበት ሹር ኤስኤም7 ዳይናሚክ መሆኑን ያስታውስ። በርግጥ ዳይናሚክ ጥሩ ማጉያ ይፈልጋል፤ ኮንደንሰርም ጸጥ ባለ ክፍል የተሻለ ጥራት ይሰጣል። ጸጥታው ከሌለ ግን ጥራቱ ጫጫታውንም ያጠራዋል።

"የቀረውን ኮምፒውተር ያስተካክለዋል" የሚለው ተስፋ ከዚህ የባሰ ያሳስታል። ጫጫታ ማጽጃ ሲበዛ ትንፋሹን ይበላል። ቀ፣ ጠ፣ ጨና ጸ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበው ኮምፕሬሰር ፈጥኖ ሲጫናቸው ቃሉ ይደንዛል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የኖታ ማረሚያ አውቶ-ቲውንም ፍጥነቱ ሲጨመር ከኖታ ወደ ኖታ የሚንሸራተተውን ቅላጼ ይቆራርጠዋል። ትዝታ ያለዚያ መንሸራተት ትዝታ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወፍራም ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይሰቀል። እነዚህ ማሚቶን ይቀንሳሉ እንጂ የጄኔሬተርን ጉርምርምታ አያግዱም፤ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ጄኔሬተሩና ማራገቢያው ለአንድ ዘፈን ያህል ይጥፉ። ከዚያ መጠነኛ ዋጋ ያለው ዳይናሚክ ይገዛ፤ ኮምፕሬሰሩም በለሆሳስ ይጫን። ዘፋኙ የለፋበትን ድምፅ አክብሮ ለማቆየት ከዚህ የሚቀድም ወጪ የለም።