ከሳሽን ማን ይጠይቀዋል?

በከሚሴ «በሕግ አምላክ!» ላለ የወንጀል ተበዳይ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ ነው። ክሱን ያለ ምክንያት ቢያዘገይ ወይም ቢያነሣ ግን ማን ይጠይቀዋል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ለጥያቄ እንዲጠራ ፈቅዷል። በ2008 ዓ.ም. የተቋቋመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2014 ዓ.ም. በፍትሕ ሚኒስቴር ቢተካም ይህ ሥልጣን አልተነካም። ለከሚሴ ሰው ቅርቡ ዐይን ግን የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ምክር ቤት ነው።

እኛ እንደሚመስለን፣ ምክር ቤት «እገሌን ክሰስ፤ እገሌን ተው» ሊል አይገባውም፤ ፍርድ በእጅ ብልጫ ይሆናልና። ነገር ግን ስንት አቤቱታ ቀረበ፣ ስንቱስ በምን ምክንያት ተዘጋ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱን በመዝገብ አሟልቶ መጠበቅ ደግሞ የወጣቱ ሹም ፋንታ ነው።