ግብረ ገብ በእንክብል አይዋጥም



ሰው ዓለምን የሚያጠፋበት ኀይል በእጁ ገብቷል፤ ጠባዩ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ስለዚህ ምክርና ትምህርት ብቻውን አይበቃምና የሰውን ጠባይ በመድኃኒት እናርም የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተዋል። ኢንግማር ፔርሶንና ጁልያን ሳቩሌስኩ የተባሉት ፈላስፎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ጉዳት የሌለው እንዲህ ያለ መድኃኒት ቢገኝ እንደ ትምህርትና በውሃ ውስጥ እንደሚጨመር ፍሎራይድ ግዴታ ሊሆን ይገባል እስከ ማለት ደርሰዋል።

ፍርሃታቸው የከንቱ አይደለም፤ የአቶም ቦምብ ተረት አይደለምና። ነገር ግን ትምህርትንና ፍሎራይድን በአንድ ሚዛን ማስቀመጣቸው ታላቅ ስሕተት ነው። ትምህርት ምክንያት ያቀርባል፤ ተማሪውም እጁን አንሥቶ «ለምን?» ሊል፥ አልፎም መምህሩን ሊረታ ይችላል። የጠጡትን ውሃ ግን ማን ይከራከረዋል? በስምጥ ሸለቆአችን ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ የበለዘው ተማክሮበት አይደለም። እንግዲህ የሕሊናችንን መድኃኒት መጥኖ የሚሰጠን ማን ሊሆን ነው?

«መንግሥት ይመጥነዋል» የሚል ቢኖር የሶቪየት ኅብረትን ታሪክ ይመልከት። ባለቅኔዋ ናታልያ ጎርባኔቭስካያ የቼኮስሎቫኪያን መወረር በመቃወም በነሐሴ 1968 (እ.ኤ.አ.) በሞስኮ ቀይ አደባባይ ሰልፍ ወጣች። በኋላም ታስራ የአእምሮ ሕመምተኛ ነሽ ተባለችና በካዛን የአእምሮ ሆስፒታል ተዘግቶባት ሃሎፐሪዶል የተባለውን መድኃኒት እንድትወስድ ተገደደች፤ የተፈታችው በ1972 ነው። ለሕሊናዋ መታመኗ በባለሥልጣኖቹ መዝገብ ሕመም ተብሎ ተጻፈ። መድኃኒቱን የያዘ እጅ የመልካም ጠባይን ትርጉምም ይይዛል፤ ለገዢም ከዝምተኛ የሚበልጥ ጨዋ የለውም።

መጠጥ ልተው ብሎ በፈቃዱ ሐኪም ዘንድ የሚሄደውን ሰው አንነቅፍም። መሐላው የራሱ ነው፥ መድኃኒቱም ምርኩዙ ነው፤ ባሰኘው ቀን ሊጥለው ይችላል። የምንቃወመው ሳይጠየቁ መታረምን ነው። ክፉ ለመሥራት የማይችል ሰው ደግ ሆነ አይባልም፤ ታሰረ እንጂ።

ተሳስታችኋል የሚል መምህር ወይም ተማሪ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ምክንያቱን አንብበን ከረታን እንረታለን። እንክብል ግን እንዲህ ያለ መልስ አይቀበልም።