የጥንድ ቀልድ ወዴት ሄደ?

አንድ ቅሬታ አለኝ። በሰልፍ ሰዓት ሚኒ ሚዲያችን ቀልድ ሲያቀርብ አንድ ተማሪ ብቻውን ቆሞ ከወረቀት ያነባል። የሚስቀው ራሱ አንባቢው ነው።

በወላጆቻችን ጊዜ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደረጀና ሀብቴ ነበሩ፤ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካም ነበሩ። ስማቸው እንደ እንጀራና ወጥ አብሮ ነው የሚጠራው። አባዬ እንደሚለው ያኔ ጣቢያው አንድ ስለነበር ማታ የታየው ቀልድ ጠዋት ገበያ ላይ ይደገማል። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ ዝም ባለባቸው ወራት እንኳ አባዬና አጎቴ በኩራዝ ብርሃን አንዱ ደረጀን፣ አንዱ ሀብቴን እየሆኑ ያስቁን ነበር።

ሁለት ሰው ለምን ያስቃል? አንዱ ኮስተር ይላል፣ ሌላው ይሞኛል። ሞኙ ብቻውን ቢሆን እናዝንለት ነበር፤ ኮስታራው ሲናደድ ግን ሳቃችን ይመጣል። ፈረንጆቹ ሎሬልና ሃርዲም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ድምፅ በሌለው ፊልም አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ሆነው ያሳቁት በዚሁ ነው። እኛ አገር ደሞ ማለዳ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች (ስማቸው ከከተማችን ጋር አንድ ነው) ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል።

ታዲያ ለምን ቀነሰ? አለባቸው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከጥንድ አንዱ ሲጎድል መተካት ከባድ ነው። ጣቢያውም በዛ። በ2008 ዓ.ም. ካና በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ ይዞ መጣ፣ እናቶቻችን ወደዚያ ሄዱ። አሁን ደሞ ቲክቶክ ላይ አንድ ሰው ነጠላ ሲለብስ እናት፣ ሲያወልቅ ልጅ ይሆናል። ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን አጠገቡ ሆኖ "ኧረ ተው!" የሚለው ሰው የለም።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ብቻውን የሚቀልድ ሰው የሚቀልድበት ጓደኛ ስለሌለው ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ቶሎ የሚያገኘው ደሞ የገጠር ሰው አነጋገር ነው። እዚህም እንዲሁ ሆኗል። ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው የሚማሩ ልጆች ሰልፍ ላይ አነጋገራቸው ሲቀለድበት አንገታቸውን ይደፋሉ። አንዷ የክፍላችን ልጅ ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ መመለስ ትታለች። እንቆቅልሽ ላይ ደሞ እሷን የሚያሸንፍ የለም!

ስለዚህ የክበቡን ተጠሪ መምህራችንን እንዲህ እላለሁ፦ እባክዎ የዓርቡን ቀልድ ለሁለት ልጆች ይስጡ፣ አንዱ ከከተማ፣ አንዱ ከገጠር። ቀልዱም የቤት ሥራዬን ፍየል በላችብኝ ስለሚለው ልጅ ይሁን። ኮስታራውን እኔ እሆናለሁ፤ ፊትህ ለዚያ ይመቻል ይሉኛል።