ፈቃድ የመጣችሁ ወታደሮች፣ ንጋት ላይ ውጡ!

ፈቃድ ወስዳችሁ ድሬዳዋ የገባችሁ የሠራዊት አባላት፣ ወንድሞችና እህቶች! ጠግቦ መብላት፣ እንቅልፍን መጥገብ፣ ከሰዓት በኋላ ከወዳጅ ጋር በርጫ መቀመጥ መብታችሁ ነው። ለዓመታት የገነባችሁትን ጉልበት ግን በአንድ ወር ፈቃድ አታስረክቡ።

ልምምድ በቆመ በቀናት ውስጥ የደም መጠን መቀነስ ይጀምራል፤ ያንኑ ሩጫ ለመሮጥ ልብ አብዝቶ ይመታል። በአሜሪካ በሠለጠኑ ስፖርተኞች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ ልምምድ ካቆሙ በ3 ሳምንት ውስጥ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው 7 በመቶ፣ በ12 ሳምንት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። የጡንቻ ኃይል ትንሽ ይቆያል። ሙቀትን የመቻል ብቃት ግን በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ድሬ እያገለገለ ፈቃዱን ደጋ ለሚያሳልፍ ወታደር ዋናው አደጋ ይኸው ነው። ደጋ አገር ከርሞ የተመለሰን ወታደር በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ትጥቅ አሸክሞ በቀትር ማስሮጥ ሊገድለው ይችላል። አዛዦች ሆይ፣ እባካችሁ ቢያንስ 10 ቀን ስጡት፤ ሰዓቱንም ሸክሙንም ቀስ እያላችሁ ጨምሩለት።

የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ከመሮጡ 5 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ነበር። ገና እያገገመ ወደ ልምምዱ ተመለሰ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያን ጊዜ ያዳነው የዓመታት ስንቁና የእረፍቱ ማጠር ነው። እናንተም ስንቅ አላችሁ። ፍጥነታችሁን ሳትቀንሱ በሳምንት 2 ቀን ብቻ ብትሮጡ እንኳ ብቃታችሁ ለወራት ይቆያል።

ብቻውን የሚነሳ ሰው በሦስተኛው ቀን ይተኛል፤ ስለዚህ አብረን እንውጣ። ሳቢያን፣ ከዚራ፣ መጋላ፣ ገንደ ቆሬ ያላችሁ፣ በየሰፈራችሁ ተጠራሩ። ጡረታ የወጣችሁ የጦር አባቶች፣ ፊዚካል የምታሠሩን እናንተ ናችሁ፤ ፉጨታችሁን እንጠብቃለን። የሰፈር ወጣቶችም ተከተሉ። በበጋ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለእግር ጥሩ ነው፤ በክረምት ግን ማንም ወደዚያ አይውረድ፣ የ1998ቱን ጎርፍ ድሬ አልረሳችም።

ማክሰኞና ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ሳትወጣ። ውኃ ያዙ፣ ጎረቤታችሁን ቀስቅሱ፣ ውጡ!