ሲለቁት የማይመለስ ፔዳል

ሰው መኪናን የሚያደንቀው ብዙ ጊዜ ሲሮጥ አይቶ ነው፤ አስተዋይ ሠራተኛ ግን አስቀድሞ የሚመረምረው ያን ሩጫ የሚመልሰው ምን እንደ ሆነ ነው። በአሜሪካ ከሚኖሩት ቤተሰቦቻችን መካከል ያንዱ ልጅ አሮጌ መኪና ገዝቶ በገዛ እጁ ለፍጥነት ሊያዘጋጀው ቢነሣ፥ አባትና እናት የሚፈሩት በከንቱ አይደለም። ሆኖም ከመከልከል በፊት ሥራውን ማወቅ ይገባል። የእጅ ሥራ ክቡር ነውና፤ አረጋዊው ዮሴፍም ጠራቢ ነበረ።

በዚያ አገር «ሆት ሮድ» የሚባለው፥ ጉልበት የተጨመረበት ሞተር የተገጠመለት አሮጌ ቀላል መኪና ነው። ሙያው የተስፋፋው በካሊፎርንያ ነው፤ ወጣቶቹ እንደ አውድማ በተዘረጉ የደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. የፎርድ ኩባንያ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ባወጣ ጊዜ፥ ይህ ሞተር የወጣቶቹ ዋና መሣሪያ ሆነ። በጎዳና ላይ የሚደረገው እሽቅድምድም ግን ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ስለ ሆነ፥ ዋሊ ፓርክስ የተባለው ሰው በ1951 ዓ.ም. ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር አቋቁሞ፥ ውድድሩ ከመንገድ ወጥቶ በተከለለ ሥፍራና በደንብ እንዲካሄድ ደከመ።

ያንዱ መኪና ሞተር በሌላው አካል ውስጥ ሲገባ የቀድሞው ነዳጅ መስጫ አይገጥምም። ሞዴል ቲ የተባለው ፎርድማ ነዳጅ የሚሰጠው ከመሪው ሥር ባለ የእጅ ማንሻ ስለ ነበረ፥ ከመጀመሪያውም የእግር ነዳጅ መስጫ አልነበረውም። ስለዚህ ወጣቱ ፔዳሉን ራሱ ይሠራዋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የካርቡራቶሩ ክንድ ከተዘጋበት እስከ ተከፈተበት ምን ያህል እንደሚጓዝ ይለካል። ክንዱ 4 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ ቢሆንና እግር 8 ሳንቲ ሜትር እንዲረግጥ ቢፈለግ፥ ከፔዳሉ ማጠፊያ እስከ መርገጫው 24 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ የሚስበው ሽቦ ከማጠፊያው በ12 ሳንቲ ሜትር ላይ ይታሰራል። ሁለተኛ፥ ከፔዳሉ ሥር ጠንካራ ማቆሚያ ይደረጋል፤ አለዚያ የእግር ጉልበት ሁሉ በሽቦውና በክንዱ ላይ ወድቆ ያጣምማቸዋል። ሦስተኛ፥ ጫማ ሁለቱን ባንድነት እንዳይረግጥ ከፍሬኑ ይራቅ፤ ምንጣፍም እንዳይዘው ዙሪያው ነጻ ይሁን። በብረት ዘንግ ፈንታ በልባስ ውስጥ የሚሄድ ሽቦ ቢሆን ይመረጣል፤ ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ሲናወጥ ዘንጉ አብሮ ተስቦ ሳይታዘዝ ነዳጅ ሊሰጥ ይችላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መላሹ ነው። ሞላ የሚባለው ጠምዛዛ ሽቦ ከፔዳሉ ዘንድ ብቻ የታሰረ እንደ ሆነ፥ የሚስበው ሽቦ በተበጠሰ ጊዜ ፔዳሉ ይመለሳል፤ ካርቡራቶሩ ግን እንደ ተከፈተ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሞላው በካርቡራቶሩ ክንድ በራሱ ላይ መታሰር አለበት፤ የማኅበሩም ደንብ ይህንኑ ያዛል። የአሜሪካ መንግሥትም ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚሠሩ መኪናዎች ባጸናው ደንብ፥ መላሹ ኃይል ከሁለት እንዳያንስና አንዱ ቢጠፋ ሌላው ብቻውን እንዲመልስ አዟል። ቀላል መኪና ከሆነም፥ ብርቱ ብርድ ካልሆነ በቀር፥ በ1 ሴኮንድ ውስጥ መመለስ አለበት።

ፈተናው ሞተሩ ሳይነሣ ይደረጋል። ልጁ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ አባቱ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ክንዱን ይመልከት። እግር ሲነሣ ክንዱ ሳይዘገይ መመለስ ይገባዋል። ከዚያ አንዱን ሞላ ፈትተው ይድገሙት፤ እርሱን መልሰው ሁለተኛውን ፈትተው ደግሞ ይሞክሩት። ከሦስቱ ባንዱ እንኳ ቢዘገይ መኪናው ከግቢ አይውጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ የፈሰሰው የሰው ደም ቢሆን የሚለቀም አይደለም።

የወጣትነት ጉልበትም እንዲሁ ነው። ጉልበቱ ክፉ አይደለም፤ የሚያስፈራው መመለሻ ያጣ እንደ ሆነ ነው። የወላጅ ቁጣ ከፔዳሉ ዘንድ ብቻ እንደ ታሰረ ሞላ ነው፤ ልጁ ከዐይን በራቀ ጊዜ ሽቦው እንደ ተበጠሰ ይሆናል። በጾምና በጸሎት የነቃ ሕሊና፥ እንዲሁም የንስሐ አባት ምክር ግን ከልቡ ላይ የታሰሩ ሁለት መላሾች ናቸው፤ አንዱ ቢላላ ሌላው ይመልሰዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ብረት ሲቆርጥ ከሩቅ ሆናችሁ አትገሥጹት፤ ቀርባችሁ መብራት ያዙለት፥ ሁለቱን ሞላዎችም አብራችሁ ቁጠሩ። ከአባቱ ጋር ባንድ ሥራ ላይ ያጎነበሰ ልጅ፥ በሌላ ቀን የልቡን ነገር ለማውጣት አይቸገርም።