ብረት መፍታት ለመምህር ምኑ ነው?

ሰሞኑን በሻይ ክበቡም፣ በመኝታ ቤቱም፣ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይም ስለ እኛ የሚወራው በዝቷል። «መምህርነቱን ትተው ጋራዥ ሊከፍቱ ነው» የሚል አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁር ዘይት ተቀብተው የሚዞሩት እነዚያ ናቸው» እያለ በጣት የሚያሳየንም አለ። አንዳንዱ ደግሞ በቅንነት ያስብልናል፤ ፈተና ደርሶ ሳለ ጊዜያችሁን በአሮጌ ብረት ላይ ለምን ታጠፋላችሁ ይለናል። ለሁሉም በየበረንዳው መልስ ስንሰጥ ጉሮሮአችን ስለ ደረቀ፣ መልሳችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይሻላል ብለናል። አስተያየታችንን ያልወደደ ከጎኑ የራሱን ይለጥፍ፤ ቦታ አለ።

እኛ ማለት አምስት ሰዎች ነን። ሦስታችን ዕጩ መምህራን፣ አንዱ የሳይንስ አሠልጣኝ፣ አምስተኛው ደግሞ ከግቢው በር ፊት ለፊት ብስክሌት የሚጠግነው ወጣት ነው። ይህን ወዳጃችንን «ቀጥራችሁት ነው ወይ?» እያሉ የሚጠይቁን አሉ። አልቀጠርነውም። እንዲያውም ነገሩን ለሚያውቅ ሰው፣ ተማሪዎቹ እኛ ነን፤ አስተማሪው እሱ ነው።

የሞተር ብስክሌቷ ታሪክ እንዲህ ነው። ከተቋሙ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚሄዱባት ጃዋ ከእሳቸው ሞት በኋላ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ ለብሳ፣ ዶሮ እያደረባት ለብዙ ዓመታት ቆማ ኖራለች። ከመካከላችን አንዱ በግቢያቸው ተከራይ ነው። አንድ ቀን ቆርቆሮውን ገልጦ አይቶ ሌሎቻችንን ጠራን። እትዬም ስንጎረጉር አይተው ቀረቡና «ልጆቼ፣ ድምጿን አንድ ቀን ካሰማችሁኝ ሌላ አልፈልግም» አሉን። ሥራው የተጀመረው በዚህ ቃል ነው እንጂ ጋራዥ በመክፈት ሐሳብ አይደለም።

ጃዋ የቼኮች ሥራ ናት። ያኔቼክ የተባለ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1929 ዋንደረር ከሚባለው የጀርመን ኩባንያ የሞተር ብስክሌት ሥራውን ገዛ። ከዚያ የራሱንና የኩባንያውን ስም መጀመሪያ ሁለት ሁለት ፊደል ወስዶ ቢያገጣጥም «ጃዋ» ወጣ። ቼኮቹ ራሳቸው «ያቫ» ነው የሚሏት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገሪቱ በጀርመን ተይዛ ሳለ፣ የፋብሪካው መሐንዲሶች አዲስ ባለ 250 ሞተር ብስክሌት በድብቅ ይነድፉና ይሞክሩ ነበር። ያች የድብቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ ታየች። የእኛዋ የእሷ ተከታይ ናት፤ 353 የሚባለው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሠራው ዓይነት። ቀለሟ ደማቅ ቀይ ነበር። አሁን ቀይነቷ የሚታየው ከሰርባቶዮው ሥር፣ ፀሐይ ባልነካው በኩል ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ብረት መፍታት ለመምህር ምኑ ነው?

ከእኛ መካከል አንዱ (ስሙን አንጠራም፣ ራሱ ያውቃል) ባለፈው ዓመት በፊዚክስ ፈተና ላይ የሞተርን አሠራር በሥዕል አስደግፎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ነው። ማስገቢያ ቫልቭ፣ ማስወጫ ቫልቭ፣ አራት ምት፤ ሁሉንም አንድ በአንድ። ቴስታታውን ያነሣን ዕለት ታዲያ እሱን ቫልቮቹን አሳየን አልነው። ፈለገ። እኛም አብረን ፈለግን። ግማሽ ቀን ስንፈልግ ዋልን። «ተሰርቆ ይሆናል» ያለም ነበር። በመጨረሻ ብስክሌት ጠጋኙ ወዳጃችን ሣቁን መያዝ አቅቶት «ይቺ እኮ ቫልቭ የላትም» አለን። በእርግጥም የላትም። ባለ ሁለት ምት ነች፤ በር የሚሆኑት በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው፤ ከፋችና ዘጊው ራሱ ፒስተኑ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከበታቹ ያለው ክፍል አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወርድ ያንኑ ጨምቆ በጎን ወደ ላይ ይልከዋል። ይህን በደብተራችን ላይ ጽፈነዋል፤ ተፈትነንበታል፤ አልፈንበታል። አላወቅነውም ነበር። ይህ ወዳጃችን በሚቀጥለው ዓመት ስድሳ ልጆች ፊት ቆሞ ስለ ሞተር ሊያስተምር ነው። ከዚያ በፊት ያችን ግማሽ ቀን ማባከኑ ይጎዳዋል የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳን።

ሌላም እንጨምር። «250» የሚለው ጽሑፍ በጎኗ አለ። ሲሊንደሩን ስንለካ ውስጡ 65 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 75 ሚሊ ሜትር ሆነ። የተቆጣጣሪውን የድሮ ሰሌዳ ከግድግዳው ላይ አውርደን በጠመኔ አሰላነው፤ 3.25 በ3.25፣ ያንን በ3.14፣ ያንን በ7.5። ውጤቱ 249 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። «ታዲያ ዋሽተዋላ!» አለ የሂሳብ ተማሪያችን። የሲሊንደር ይዘት ስሌትን በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሠርተናል፤ ግን በውጤቱ ተናድዶ የተነሣ ተማሪ አይተን አናውቅም ነበር።

ሥራው ቀላል ነበር ብለን አንዋሽም። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ነበር። ትዕግሥት ያጣው ወዳጃችን በመዶሻ ሊመታው ሲል እጁን ይዘን፣ በካንዴላው ቀዳዳ ነጭ ጋዝና ዘይት አፍስሰን ዘጠኝ ቀን ተውነው። በዘጠነኛው ቀን ተነቃነቀ። ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ኪሳችን ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ከፒስተኑ በታች ያለው ክፍል አየር ማስገባት የለበትም፤ በዘንጉ ጫፎች ያለው ፓራኦሊዮ ደግሞ በዘመን ብዛት ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። በዚያ አየር ከገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ዳግም ይጣበቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ መውረድ ግድ ሆነ። ሶማሌ ተራ «የጃዋ ፓራኦሊዮ» ስንል አዛውንቱ ነጋዴ ሣቁብን። «የጃዋ አትበሉ፤ ልኩን ንገሩኝ» አሉ። የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ሦስቱን ቁጥር ስንነግራቸው ከሳጥን አውጥተው ሰጡን፤ ዕቃው ለሌላ ማሽን የተሠራ ነው፤ ልኩ ግን ልክ ነው። ኩሽኔታውንም በላዩ ላይ በተቀረጸው ቁጥር አገኘነው። ምን አለሽ ተራ ደግሞ ባለ 65 ሚሊ ሜትር የፊያት 127 ፋሻ አግኝተን እልል ብለን ገዛን። ቤት ስንደርስ ዙሩ ልክ ነው፤ ውፍረቱ ግን ከጃዋዋ የሳሳ ሆኖ ተገኘ። ደግሞም የባለ ሁለት ምት ፋሻ በቀዳዳዎቹ እንዳይያዝ፣ እንዳይዞር የሚያደርገው መቆለፊያ አለው፤ የመኪናው የለውም። ገንዘቡ በከንቱ ሄደ። የድሮውን ፋሻ ጥቀርሻውን ፍቀን መለስነው።

በዚህ ጊዜ ነው በመካከላችን ጠብ የተነሣው። አንዱ ወዳጃችን «ይህን ሞተር ጥለን የባጃጅ ቦክሰር ሞተር እንግጠምባት፤ በአንድ ቀን ትሄዳለች፤ መለዋወጫውም በየሱቁ ሞልቷል» አለ። ሐሳቡ የሞኝ አይደለም። በየገበያው የምናያቸው ሞተረኞች ሁሉ የሚኖሩት በዚህ ዘዴ ነው። እኛ ግን አልተስማማንም። እትዬ ድምጿን አሰሙኝ ነው ያሉት፤ የቦክሰርን ድምፅማ በየመንገዱ ሲሰሙት ይውላሉ። ሁለት ሳምንት ሳንነጋገር ቆየን። ከዚያ መልሶ መጣ፤ የተሰበረ ቡሎን ከሲሊንደሩ እግር ውስጥ በትዕግሥት ያወጣልን እሱው ነው።

አሁን ደግሞ ስለሚወቅሱን ሰዎች አንድ ትክክለኛ ነገር እንናገር። እሳት ተነሥቶ ነበር። ወሬው ግቢውን ሁሉ አዳርሷል፤ እውነት ነው። የካርቡራቶሩን ዕቃ በቤንዚን እያጠብን ሳለን፣ አምስት ርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ይህንንም በክፍል ተምረናል። ሳህኑ በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። ከመካከላችን አንዱ ሳህኑን ከእትዬ ማድ ቤት ለማራቅ ሲል ክንዱ ላይ ተቃጠለ፤ ሦስት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ከረመ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኛው ነው። አሸዋ እንኳ አላዘጋጀንም ነበር። ዛሬ የምናጥበው በናፍጣ ነው፤ አሸዋ በባልዲ ከጎናችን አለ፤ ቡናው የሚፈላው ሥራው ካለቀ በኋላ ከፊት ለፊቱ በረንዳ ነው። ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። በተቋማችን ግቢ ውስጥ የሲሚንቶ ወለል ያለው፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ሞርሳ የተተከለበት፣ የእሳት ማጥፊያ በግድግዳው ላይ የተሰቀለበት የእጅ ሥራ ክፍል አለ። በመስኮቱ ስናይ በሞርሳው ላይ ሸረሪት ድር ሠርታበታለች። ስንጠይቅ «ንብረት ይጠፋል» ተባልን። ንብረት መጠበቁ ተገቢ ነው፤ አንቃወምም። የተጠበቀው ሞርሳ ግን ለማን ነው የተጠበቀው? ክፍሉ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ አሠልጣኝ ኃላፊነት፣ ዕቃው በመዝገብ እየወጣና እየገባ ቢከፈት የዚያ ልጅ ክንድ ባልተቃጠለ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ከእኛ ሁለቱ በመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ ፈተና ነጥባቸው ቀንሷል። ይህንንም አንደብቅም። ከፈተና በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ወደ እትዬ ግቢ ላለመሄድ ተስማምተናል። ብስክሌት ጠጋኙ ግን ብቻውን እየሄደ ዶሮዎቹን ያባርራል።

ባለፈው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ሁሉም ነገር ተገጥሞ አለቀ። ቤንዚኑን ከዘይት ጋር አንድ ለሃያ ቀላቀልን፤ በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተኑን የሚያለሰልስ ሌላ ዘይት የለም፤ ከቤንዚኑ ጋር የመጣው ብቻ ነው። ባለ 6 ቮልት ባትሪ አሰርን። የእሳት ማቋረጫውን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል አደረግን። ከዚያ ለማስነሣት ብንል መርገጫ የላትም! ዞረን ዞረን አየናት፤ የማርሽ መቀየሪያው እንጂ ሌላ እግር የሚያርፍበት ነገር የለም። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ መርገጫው የት እንዳለ አንዳችንም አለመጠየቃችን ይገርማል። ተሰብሮ ጠፍቷል ብለን ገፍተን ልናስነሣት ስንዘጋጅ እትዬ ከበረንዳው ወርደው መጡ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና ያንኑ የማርሽ መቀየሪያ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ወደ ላይ አዞሩት። ቆመ። መርገጫ ሆነ። «እሱ እንዲህ ነበር የሚያደርጋት» አሉን። ስንት ዓመት ቆመው ሲያዩ እንደ ኖሩ አስቡት።

በአሥራ አንደኛው ርግጫ ተነሣች። ጢሱ ግቢውን ሞላው፤ የጎረቤት ልጆች በአጥር ላይ ተንጠላጠሉ። ሲሊንደሯ አንድ ሆኖ ሳለ ማርሚታዋ ሁለት ስለ ሆነ በሁለቱም በኩል ነው የምታጨሰው። እኛ ጢሱ በዛ ብለን ደንግጠን ልናጠፋት ስንል እትዬ እጃቸውን አነሡ። «ተዋት፤ ያኔም እንዲሁ ነበረች» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ፤ ለጥቂት ጊዜ አልወጡም። እኛም አልተከተልናቸውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ሁሉ ባልጻፍን ነበር። መነሣቷ እንደ ተወራ አንድ የሆቴል ባለቤት መጥተው ለግዢ ጠየቁ፤ በሆቴላቸው በር ላይ አቁመው አበባ ሊተክሉባት ነው። የሰጡት ዋጋ ደኅና ነው። ሩቅ አገር ሥራ ላይ ያለው የእትዬ ልጅም በስልክ «ይሸጡት፤ ጡረታው አይበቃዎትም» ብሏል። ልጅ ነውና ለእናቱ ማሰቡ ያስመሰግነዋል። ከእኛም መካከል አንዱ ትሸጥ ባይ ነው። ንብረቱ የእትዬ ስለሆነ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ሲጠይቁን ግን የምንለውን እዚህም እንጽፈዋለን፦ አትሸጥ፤ ከተሸጠችም ለሚነዳት ሰው ትሸጥ። ሞተሯን አውጥቶ አፈር ለሚሞላባት ሰው እንድትሰጥ ብለን ያን ሁሉ ዘጠኝ ቀን አልጠበቅንም። እስካሁን 9,640 ብር ከኪሳችን አውጥተናል፤ ደብተሩ ክፍት ነው፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። ያንን ገንዘብ ማንም እንዲመልስልን አንጠይቅም። እትዬ እስካሁን መልስ አልሰጡም። ለሆቴሉ ባለቤት «ከፋሲካ በኋላ ይምጡ» ብለዋቸዋል።

ገና ብዙ ይቀራል። የፊት መብራቷ አይበራም፤ ሁለተኛው ማርሽ እየገባ ይወጣል፤ ቀለሙን እንቀባው ወይስ እንዳለ እንተወው የሚለው ክርክር አላለቀም (ሦስት ለሁለት ነን)። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የማርሹን ሳጥን እንከፍታለን። ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ የሚነቅፈንም ይምጣ። የአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ያለው ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል፤ የእኛው ጥርሱ አልቋል። ክብሪት በኪሱ የያዘ ግን በር ላይ ለእትዬ አስረክቦ ይገባል።